ሙያና ቀለም በአንድ ዕቅድ፦ ለሁለተኛ ደረጃ የሙያ ዘርፎች የሚሆኑ አምስት የቅንጅት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ነሐሴ ላይ የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ለዓመታዊ ዕቅድ ሲሰበሰቡ «ቅንጅት» የሚለው ቃል ሳይነሳ አይቀርም። የሙያ ዘርፍ የከፈተ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳቡን ከኮንስትራክሽኑ፣ ኬሚስትሪውን ከጤናው፣ ባዮሎጂውን ከግብርናው እንዲያገናኝ ይጠበቃል። ችግሩ ቃሉ አንድ ቢሆንም ተሰብሳቢዎቹ የሚያስቡት ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ መምህር ቅንጅት ሲል የምዕራፎችን ቅደም ተከተል ማስተካከል ማለቱ ነው፤ ሌላዋ መምህርት በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚቀርብ የጋራ ሥራ ታስባለች፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ አጠቃላይ አደረጃጀት ይናገራሉ። ስብሰባው በስምምነት ያልቃል፤ መስከረም ሲጠባ ግን እያንዳንዱ ወደለመደው ይመለሳል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ስብሰባ ላይ ለሚቀመጡ ተጠሪዎች፣ ምክትል ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ነው። በአንድ ስም የሚጠሩትን አምስት የተለያዩ አሠራሮች ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሁሉንም በተመሳሳይ መመዘኛ ይፈትሻል፤ የትኛው ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚስማማም ይጠቁማል። ምሳሌዎቹ በአመዛኙ ከአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁኔታ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በጥናት የተፈተነ ውጤት ባለበት ቦታ ላይ ግን የአሜሪካን ልምድ አንስቻለሁ።

## መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው መመዘኛ አንድ ጥያቄ ነው፦ የቀለም ትምህርቱ ከሙያው ሥራ ቢወጣ ሥራው ይበላሻል ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ቅንጅቱ እውነተኛ ነው። መልሱ «አይ፣ ሥራው እንደነበረው ይሠራል» ከሆነ ግን የተደረገው ነገር ሁለት ትምህርቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። በየከተማው ያሉ አንጋፋ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ «ኮምፕሬሄንሲቭ» የሚል ስም የያዙት በንጉሡ ዘመን የቀለሙን ትምህርት ከንግድ ሥራ፣ ከእጅ ሙያ፣ ከቤት አያያዝና ከግብርና ጋር በአንድ ግቢ ለማስተማር ታስቦ ስለነበር ነው። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ወርክሾፑና የሒሳብ ክፍሉ በአንድ አጥር ውስጥ መገኘታቸው ብቻውን ሁለቱን መምህራን በአንድ ዕቅድ ላይ አያስቀምጣቸውም።

ሁለተኛው መመዘኛ የትምህርቱ ጥልቀት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ ሒሳብን ወይም ፊዚክስን በቅንጅት ስም የሚያሳሳ ማንኛውም ዕቅድ ተማሪውን ይጎዳል፤ ወላጅም አይቀበለውም፤ ባይቀበለውም ልክ ነው።

ሦስተኛው መምህራን አብረው ለማቀድ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ነው። ብዙ ዕቅዶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ስለሆነ በሰዓት ተቆጥሮ መቀመጥ አለበት። አራተኛው የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ዕቅዱን ማስተናገድ መቻሉ ነው፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ መሣሪያ አውጥቶ፣ ሠርቶ፣ አጥቦ መመለስ አይቻልምና። አምስተኛው የቁሳቁስ ወጪ ነው። ስድስተኛው ዕቅዱ መምህር ሲዛወር በሕይወት መቆየቱ ነው፤ በአንድ ትጉህ መምህር ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ ቅንጅት መምህሩ የዝውውር ደብዳቤ በተቀበለ ማግስት ይፈርሳል። ሰባተኛውና የመጨረሻው ምዘና ነው፦ ማርኩን የሚሰጠው ማን ነው፣ ለየትኛው ትምህርት፣ በምን መለኪያ?

## አንደኛው መንገድ፦ ቅደም ተከተልን ማጣጣም

በዚህ መንገድ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ትምህርት በራሱ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ የሚለወጠው ምዕራፎቹ የሚሰጡበት ወር ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ እንመልከት። የጤና መምህርቷ ስለ ፀረ ተዋሲያን አዘገጃጀት በኅዳር ታስተምራለች እንበል። 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ መቀላቀል እንዳለበት ተማሪዎቹ ይማራሉ። የኬሚስትሪ መምህሩ ስለ ሙሙቶች ክምችት፣ ማለትም ስለ ድብልቅ ጥንካሬ፣ የሚያስተምረው ግን በሚያዝያ ነው። በመካከል ያሉት አምስት ወራት ለተማሪው የሽምደዳ ወራት ናቸው፤ «አንድ ለዘጠኝ» የሚለውን ይይዛል፣ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ጥንካሬው 3.5 በመቶ የሆነ በረኪና ሲሰጠውም «አንድ ለዘጠኝ» ይላል፤ ትክክለኛው መልስ አንድ ለስድስት ነው። በሥራ ላይ ይህ ስሕተት መድኃኒቱን ከሚፈለገው በታች ያቀጥነዋል። ሁለቱ ምዕራፎች በተከታታይ ሳምንታት ቢሰጡ ኖሮ ተማሪው ደንቡን ከነምክንያቱ በያዘ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት ሰዓት፣ ለዚሁ ይመደባል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉት ወራት በትልቅ ወረቀት ላይ ይሰመራሉ፤ እያንዳንዱ መምህር ምዕራፎቹን በየወሩ ሥር ይጽፋል፤ የሙያ መምህሩ ደግሞ በየምዕራፉ ፊት ለፊት «ይህን ከማስተማሬ በፊት ተማሪው ይህን ማወቅ አለበት» የሚለውን ይጨምራል። የሚጋጩት ቦታዎች ወዲያውኑ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ግማሽ ሰዓት መገናኘት ይበቃል።

የትኛው ምዕራፍ ይንቀሳቀስ የሚለው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሒሳብ ምዕራፎች አንዱ በሌላው ላይ የተገነቡ ናቸው፤ ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው የጋራ ሞዴል ፈተና የሚሰጥ ከሆነም ቅደም ተከተሉን የነካ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ባልተማሩት ያስፈትናል። ስለዚህ በአብዛኛው መንቀሳቀስ ያለበት የሙያው ምዕራፍ ነው። ለዚህ ደንብ አንድ ትልቅ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱም ግብርና ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት፣ ማለትም ማሳው በሚታረስበትና በሚዘራበት ጊዜ ነው፤ ተማሪው መስከረም ላይ ሲመለስ ሰብሉ በቅሎ ያገኘዋል፣ አዝመራው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። የምርት መለካትን፣ ናሙና መውሰድንና አማካይ ማስላትን በተግባር ማስተማር የሚፈልግ መምህር የገበሬውን ማሳ ወደ ግንቦት ሊያዛውረው አይችልም። እዚህ ላይ መንቀሳቀስ ያለበት ሒሳቡ ነው፤ ካልተቻለም የሒሳብ መምህሩ ከስታቲስቲክሱ ምዕራፍ ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሆነውን ብቻ ቀድሞ ሊሰጥ ይችላል።

ይህ መንገድ ወጪ የለውም። መምህር ሲዛወርም ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ተተኪው ያነበዋል። ደካማ ጎኑ ምዕራፎቹ ስለተቀራረቡ ብቻ ተማሪው ግንኙነቱን በራሱ ያያል ብሎ መገመቱ ነው። ጎበዙ ያያል፤ ብዙዎቹ ግን መምህሩ ካላመለከታቸው አያዩም።

## ሁለተኛው መንገድ፦ በሙያው ክፍል ውስጥ ማስረጽ

እዚህ ላይ የቀለም ትምህርቱን በሥራው መካከል የሚያስተምረው የሙያ መምህሩ ራሱ ነው፤ የሒሳቡ መምህር ደግሞ ዕቅዱን አብሮ ያዘጋጃል። በዚህ መንገድ ላይ ጠንካራ ጥናት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ጥናት በግብርና፣ በአውቶሞቲቭ፣ በንግድ፣ በጤናና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚያስተምሩ መምህራንን ከሒሳብ መምህራን ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጎ አሠርቷል። ሙከራው ከሙያው ክፍለ ጊዜ በአማካይ 11 በመቶ ያህሉን ወስዷል። ተማሪዎቹ ከተሰጧቸው ሦስት አጠቃላይ የሒሳብ ፈተናዎች በሁለቱ ከንጽጽር ቡድኑ በልጠው ተገኝተዋል፤ በሙያ ዕውቀታቸው ላይ የታየ ጉድለት የለም።

የዘዴው ቁም ነገር ሒሳቡ ከውጭ መጥቶ አለመለጠፉ ነው። መምህራኑ መጀመሪያ በሙያው ትምህርት ውስጥ ተደብቆ ያለውን ሒሳብ ይፈልጋሉ፣ ከዚያም በሰባት ደረጃ ያወጡታል። በማዳበሪያ ላይ ብንሞክረው እንዲህ ይሆናል።

የግብርና መምህሩ የዩሪያ ከረጢት ይዞ ይገባና 46 የሚለውን ቁጥር ያሳያል፤ ትምህርቱ የማዳበሪያ አጠቃቀም ነው። ቀጥሎ ስለ መቶኛ ምን እንደሚያውቁ ይጠይቃል፤ ማን እንደተረዳና ማን እንደረሳ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ከረጢቱ ራሱ የያዘውን ሒሳብ መሥራት ነው፦ 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። አራተኛው በዚያው ሙያ ውስጥ ወዳለ ተቀራራቢ ጥያቄ መሄድ ነው። ለአንድ ሄክታር 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን የሚያስፈልግ ቢሆንና ገበሬው አስቀድሞ 100 ኪሎ ግራም ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ተጠቅሞ ቢሆን፣ ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው 19 ኪሎ ግራሙ ተሟልቷል፤ የቀረው 27 ኪሎ ግራም ለ0.46 ሲካፈል 58.7 ኪሎ ግራም ያህል ዩሪያ ይሆናል። አምስተኛው ደረጃ ከማዳበሪያ ወጥቶ በሒሳብ መጽሐፉ ቋንቋ ያለውን የመቶኛና የወደር ጥያቄ መሥራት ነው። በስድስተኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው ያሳያሉ፦ 10 ሜትር በ5 ሜትር ለሆነው የትምህርት ቤቱ መደብ 500 ግራም ኤንፒኤስና 293 ግራም ገደማ ዩሪያ እንደሚያስፈልግ አስልተው በሚዛን ይመዝናሉ። ሰባተኛው ፈተና ነው፤ በግብርናው ፈተና ውስጥ የሒሳቡ ጥያቄ አብሮ ይገባል።

ከሰባቱ መዘለል የሌለበት አምስተኛው ነው። ብዙ የሙያ መምህራን እስከ አራተኛው በደስታ ይሄዱና እዚያ ያቆማሉ፤ ተማሪው የማዳበሪያውን ስሌት ይችላል፣ በብሔራዊ ፈተናው ላይ ያው ስሌት ያለ ማዳበሪያ ሲመጣ ግን አያውቀውም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ በወርክሾፕና በማሳ ላይ ንግግሩ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይሆንና ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ሦስተኛ አጋር ሆኖ የየምዕራፉን የሙያ ቃላትና የጥያቄ አቀራረብ ቢያስተምር ትርፉ ቀላል አይደለም።

ለአንድ እንዲህ ያለ ትምህርት ጥንዶቹ መምህራን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል አብረው መሥራት አለባቸው። በሴሚስተር አምስት ወይም ስድስት ትምህርት ከታቀደ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው፤ ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በሚመደበው ጊዜ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። የተዘጋጀው ዕቅድ በፋይል ስለሚቀመጥ በሁለተኛው ዓመት ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል። የሚያሰጋው የሙያ መምህሩ በሒሳቡ ላይ ያለው መተማመን ነው፤ በተማሪዎች ፊት ከተሳሳተ ዘዴውን ይጠላዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትምህርቶች የሒሳብ መምህሩ በክፍል ውስጥ ቢገኝ ይመረጣል።

## ሦስተኛው መንገድ፦ የጋራ ጭብጥ

ትምህርት ቤቱ «ውኃ» ወይም «አካባቢ ጥበቃ» የሚል ርዕስ ይመርጥና ሁሉም መምህር በዚያ ሳምንት ስለዚያ ርዕስ ያስተምራል። በመጀመሪያ ደረጃ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት በዚህ መንፈስ የተቀረጸ ሲሆን፣ የልጅን ዓለም በየትምህርቱ አለመከፋፈሉ ተገቢ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የሙያ ዘርፍ ግን ይህን መንገድ አልመክርም። የታሪክ መምህሩ ስለ ውኃ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምር ወይም ባያስተምር የቧንቧ ሥራው አይለወጥም፤ የመጀመሪያውን መመዘኛ አያልፍም። ለግድግዳ ጋዜጣና ለወላጆች በዓል ያምራል፤ መምህራንንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋግራል። ከዚያ ያለፈ አይጠበቅበት።

## አራተኛው መንገድ፦ የጋራ ፕሮጀክት

አንድ የሚጨበጥ ሥራ ይመረጣል፤ ሥራው ተጠናቆ እስኪቆም ድረስ የሚያስፈልጉት ዕውቀቶች ወደየትምህርቱ ይከፋፈላሉ። ዕቅዱ የሚሠራው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ነው። ከቀለም ትምህርቶቹ ተነስቶ ሥራ የሚፈልግ ዕቅድ መጨረሻው ሰው ሠራሽ ይሆናል፤ ከሥራው ተነስቶ ትምህርቱን የሚፈልግ ግን እያንዳንዱ መምህር ለምን እንደተጠራ ያውቃል።

የኮንስትራክሽን ተማሪዎች ለትምህርት ቤቱ የእጅ መታጠቢያ ይሠራሉ እንበል። የወለሉ አርማታ 2 ሜትር በ1 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይዘቱ 0.2 ሜትር ኩብ ነው። ደረቁ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ውኃ ነክቷቸው ሲጠቀጠቁ ስለሚቀንሱ የሚዘጋጀው ደረቅ ቁስ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል፣ ማለትም 0.3 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። ቅልቅሉ 1 ለ2 ለ3 ከሆነ ሲሚንቶው ከስድስት አንድ እጅ፣ 0.05 ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን 72 ኪሎ ግራም ይመጣል፤ በ50 ኪሎው ከረጢት አንድ ተኩል አካባቢ ነው። ይህ ስሌት ከተሳሳተ ወይ ሲሚንቶ ይባክናል፣ ወይ አርማታው መሀል ላይ ያልቃል። ማዕዘኑን ለማውጣት ግንበኞች በገመድ 3፣ 4 እና 5 ለክተው የሚያደርጉት ነገር የፓይታጎራስ ደንብ ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ለምን እንደሚሞቅና አርማታው ለምን ለቀናት ውኃ መጠጣት እንዳለበት ኬሚስትሪው ይመልሳል፤ የቧንቧው ውኃ የሚገፋበትን ኃይል ፊዚክሱ፤ የዋጋ ዝርዝሩንና ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት የሚቀርበውን የድጋፍ ጥያቄ ደግሞ የቢዝነስና የቋንቋ ትምህርቶች ይወስዳሉ። አንዳቸውም ቢጎድሉ ሥራው ይጎድላል።

የጊዜው ስሌት ግን ብዙዎችን ያሳስታል። አርማታ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካውም በተለምዶ በ28ኛው ቀን ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ መጨረሻ የፈሰሰ አርማታ በጥር ፈተና ሳምንት ላይ ይደርሳል፤ ማፍሰሱ እስከ ኅዳር አጋማሽ ማለቅ አለበት። በግብርናም ያው ነው። በዝናብ የሚበቅል ሰብል ከትምህርት ዘመኑ ጋር ስለማይገጥም በመስኖ የሚለሙ ፈጥነው የሚደርሱ አትክልቶችን መምረጥ ይሻላል። ዶሮ ከታሰበ የሥጋ ዶሮ በስድስት ወይም በሰባት ሳምንት ይደርሳል፤ የእንቁላል ዶሮ ግን ከጫጩትነት እስከ መጀመሪያው እንቁላል አምስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ መስከረም ላይ የገባች ጫጩት የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያበቃ ገና መጣል ትጀምራለች። የምርት መዝገብ ለማስተማር የፈለገ ያደገች ቄብ መግዛት አለበት፤ ያ ደግሞ ወጪ ነው።

ምዘናው ከሁሉ ይከብዳል። በቡድን የተሠራ ሥራ የቡድን ማርክ ብቻ ከተሰጠው አንድ ጎበዝ አምስት ሰው ይሸከማል። በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፦ በየቡድኑ ወንዶቹ አርማታውን ሲያቦኩ ሴቶቹ ሪፖርት ሲጽፉ ሴሚስተሩ አለቀ፤ ለሙያው የተመዘገቡት ሴት ተማሪዎች ሙያውን ሳይነኩ አለፉ። የሥራ ድርሻ በየሳምንቱ መዞር አለበት፤ ይህም በዕቅዱ ላይ ስም በስም ተጽፎ መገኘት አለበት። ለማርኩ የማውቀው ፍትሐዊ መንገድ ግማሹን ለሥራው፣ ግማሹን ለእያንዳንዱ ተማሪ የቃል መልስ መስጠት ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢመደብ 180 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ክፍለ ጊዜ ተኩል ይሆናል። አንድ መምህር ይህን አይችለውም። አራት የፕሮጀክቱ መምህራን 15 15 ተማሪ ቢከፋፈሉ ግን እያንዳንዳቸው በ45 ደቂቃ ይጨርሳሉ።

## አምስተኛው መንገድ፦ የሙያ አካዳሚ

በዚህ አደረጃጀት የአንድ ሙያ ተማሪዎች በአንድነት ተመድበው፣ ቋሚ በሆነ የመምህራን ቡድን፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ይማራሉ፤ ከአካባቢው አሠሪዎች ጋርም ግንኙነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 በፊላደልፊያ ከተማ የተጀመረው ይህ አሠራር በኋላ በካሊፎርኒያና በሌሎች ግዛቶች ተስፋፍቷል። የአሜሪካ ሕግም እ.ኤ.አ. በ1917 የሙያ ትምህርትን ለብቻው ካቋቋመ በኋላ፣ ለሙያ ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥበት፣ በ1990 የተሻሻለው የፐርኪንስ ሕግ የሙያና የቀለም ትምህርት እንዲቀናጁ ለገንዘብ ድጋፉ ቅድመ ሁኔታ አደረገ። ኤምዲአርሲ የተባለው የጥናት ተቋም በዕጣ የተመደቡ ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ውጤት፣ በአካዳሚ ዕድል ያገኙት ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ባሉት ስምንት ዓመታት በአማካይ 11 በመቶ የበለጠ ገቢ አግኝተዋል። በዚያው ጥናት በደረጃ ፈተና ውጤታቸው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ይህ ሁለተኛው ግኝት ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ አካዳሚ የሥራ ሕይወትን ሊያሻሽል ይችላል፣ የፈተና ውጤትን ግን በራሱ አያሳድግም። አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ለማስመዝገብ የሚያስቡ ወገኖቻችንም ሊጠይቁት የሚገባው መምህራኑ የጋራ የዕቅድ ክፍለ ጊዜ አላቸው ወይ ብለው ነው።

ለእኛ ትምህርት ቤቶች ሙሉ አካዳሚ ከአቅም በላይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ግማሹ ቀድሞ በእጃችን ነው፤ ይህን የሚያስተውል ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። በአሜሪካ ተማሪው በየክፍለ ጊዜው ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚዞር አብሮት የሚማረው ሰው ይቀያየራል፤ አካዳሚ ለማቋቋም መጀመሪያ ተማሪዎቹን ማሰባሰብ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ግን የ11ኛ ሀ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚዞረው መምህሩ ነው። ቡድኑ አለ። የጎደለው በአንድ የሙያ ክፍል የሚገቡት የሒሳብ፣ የሳይንስ፣ የእንግሊዝኛና የሙያ መምህራን ከዓመት ዓመት ያው ሰዎች እንዲሆኑ መመደብና በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ነፃ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ይህን የሚወስነው ድልድሉን የሚሠራው ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ በጀት አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ድልድሉ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ መድረሱን ነው።

## ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ማጣጣም | ማስረጽ | ጭብጥ | ፕሮጀክት | አካዳሚ |
|---|---|---|---|---|---|
| ትምህርቱ ለሥራው የግድ መሆኑ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | በዕቅዱ ይወሰናል |
| የቀለም ትምህርት ጥልቀት | አይነካም | አምስተኛው ደረጃ ካልተዘለለ ያድጋል | ሊሳሳ ይችላል | በምዘናው ይወሰናል | በራሱ አይጨምርም |
| የጋራ ዕቅድ ጊዜ | በነሐሴ 3–4 ሰዓት፣ በወር ግማሽ ሰዓት | በሴሚስተር 10–12 ሰዓት | አነስተኛ | በፕሮጀክቱ ወራት በየሳምንቱ | በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ |
| የድልድል ለውጥ | የለም | የለም | የለም | ጥንድ ክፍለ ጊዜ | ሙሉ |
| ወጪ | የለም | አነስተኛ | አነስተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | በስፋቱ ይወሰናል |
| መምህር ሲዛወር | ይቆያል | በፋይል ከተያዘ ይቆያል | ይረሳል | ብዙ ጊዜ ይቋረጣል | ቡድኑ ከቆየ ይቆያል |
| ምዘና | እንደነበረው | የሙያ ፈተናው ውስጥ ይገባል | ግልጽ አይደለም | ሥራውና የቃል መልስ | በቡድኑ ስምምነት |

## ለየትኛው ትምህርት ቤት የትኛው

የሙያ ዘርፉን ዘንድሮ ለከፈተ፣ ወርክሾፕ ለሌለውና በጀቱ ለጠመኔና ለወረቀት ብቻ ለሚበቃ ትምህርት ቤት ምክሬ ግልጽ ነው፦ በማጣጣም ይጀምር፣ በዓመቱ ውስጥም አንድ ጥንድ መምህራን ብቻ መርጦ ሦስት የማስረጽ ትምህርቶችን ያዘጋጅ። ሁሉንም መምህር በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ጥንዱ ሲመረጥ ከማዕረግ ይልቅ መግባባት ይቅደም፤ በዕረፍት ሰዓት አብረው ሻይ የሚጠጡ የሒሳብና የግብርና መምህራን ካሉ ሥራው በእነሱ ይጀመር።

የመምህራን ዝውውር የሚበዛበት የገጠር ትምህርት ቤት ፕሮጀክትን ዋና መንገዱ ባያደርግ ይሻላል። እዚያ የሚያዛልቀው የተጻፈ ነገር ነው፤ የወራቱ ሠንጠረዥና የማስረጽ ዕቅዶቹ ፋይል። በጉድኝት ማዕከሉ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች መተባበሪያ) ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ትምህርት አዘጋጅተው ቢለዋወጡ በአንድ ዓመት ውስጥ የማንም አቅም ብቻውን የማይደርስበት ክምችት ይኖራቸዋል።

ወርክሾፕ ወይም መስኖ ያለው ማሳ ያለው፣ ወይም በአቅራቢያው ካለ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ጋር የመሣሪያ ስምምነት ያለው ትምህርት ቤት በ11ኛ ክፍል በዓመት አንድ ፕሮጀክት ይያዝ። አንድ ብቻ። ጥንድ ክፍለ ጊዜ ይመደብለት፤ ሥራው ከሴሚስተሩ ፈተና ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይለቅ። የሚሠራው ነገር ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ቢሆን የቁሳቁሱን ወጪ ከውስጥ ገቢ መጠየቅ ይቀላል፤ የእጅ መታጠቢያ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የተበላሹ ወንበሮች ጥገና ለዚህ ይሆናሉ።

በ12ኛ ክፍል ፕሮጀክት አይጀመር። የተፈታኙ ጭንቀትና የወላጁ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ በዚህ ዓመት የሚጠቅመው ማስረጽ፣ በተለይም የሙያውን ስሌት ወደ ፈተናው ቋንቋ የሚመልሰው አምስተኛው ደረጃ ነው።

አቅም ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶችና በርካታ የሙያ ክፍሎች ያሏቸው ትልልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ አካዳሚ መሄድ ይችላሉ፤ ነገር ግን ስሙን ከመለጠፋቸው በፊት ቡድኑን መድበው፣ የሳምንቱን የጋራ ክፍለ ጊዜ ሰጥተው አንድ ዓመት ይቆዩ። ያ ክፍለ ጊዜ በሌላ ስብሰባ እየተወሰደ ካስቸገረ አካዳሚው ገና አልደረሰምና ወደ ማስረጹ ይመለሱ። ድልድሉ የሚወጣው በጳጉሜን ከሆነ ጥያቄው ለምክትል ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ መድረስ ያለበት ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ነው፤ የክፍሉ ስም፣ የአራቱ መምህራን ስምና የተጠየቀው ክፍለ ጊዜ ተጽፎ።